ብራዘር ጆሴፍን ለተማሪዎቼ እንዴት እንዳስተዋወቅኳቸው

የሥዕል መምህር ነኝ። በትምህርት ቤታችን የሥነ ጥበብ ክበብ በየዓመቱ የአንድ ሠዓሊ ወይም ቀራፂ ሕይወት የሚቀርብበት ምሽት አለ። ወላጆችም ይጋበዛሉ። ባለፈው ዓመት ተራው የእኔ ነበር። ብዙ ሰው አፈወርቅ ተክሌን ወይም ገብረ ክርስቶስ ደስታን ነው የጠበቀው። እኔ ግን ብራዘር ጆሴፍ ማክናሊን መረጥኩ። አየርላንድ ተወልደው ሲንጋፖር ያስተማሩ፣ የካቶሊክ ወንድም የነበሩ ቀራፂ ናቸው። እንዴት እንዳዘጋጀሁት ልጻፍ። እንዲህ ያለ ነገር ለማሰናዳት የሚያስብ መምህር ይጠቅመው ይሆናል።

ለምን እሳቸው? የሥዕል መምህር የሆነ ሰው አንድ ጥያቄ አይቀርለትም። «ጎበዝ ሠዓሊ ብትሆን ኖሮ ታስተምር ነበር?» ይሉታል። ከዘመድም ይመጣል፣ ከጓደኛም ይመጣል። ይህ አነጋገር ያመኛል። ልጆቹም እየሰሙት ያድጋሉ። ማስተማር ሥዕል ያልተሳካለት ሰው መጠጊያ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ሁለቱንም ሥራ ዕድሜ ልኩን አብሮ ያስኬደ ሰው ፈለግኩ።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። የተማርኩት ብራዘሮች በሚያስተዳድሩት ትምህርት ቤት ነው። አዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤትን የሚያውቅ ሰው ስለማን እንደማወራ ይገባዋል። ማክናሊም የዚያው የላሳል ማኅበር ወንድም ነበሩ።

አድማጮቼ የተለያየ እምነት ያላቸው ናቸው። ቄስም ያልሆነ፣ ከገዳም ቅጥር ውስጥም ያልተቀመጠ መናኝ ምን እንደሆነ አስቀድሜ ካላስረዳሁ ታሪኩ እንደማይያዝላቸው አሰብኩ። ነገሩን አጭር አደረግኩት። ማኅበሩን በ1680 ፈረንሳይ ውስጥ የመሠረቱት ዣን ባፕቲስት ደ ላሳል ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወንድሞቹ አያገቡም፣ የግል ሀብት አይዙም፣ ለማኅበሩ ይታዘዛሉ። ቅዳሴ አይቀድሱም። ሥራቸው ማስተማር ነው። ላሳል ልጆችን በክፍል በክፍል ሰብስበው፣ በላቲን ሳይሆን በራሳቸው በፈረንሳይኛ እንዲማሩ አደረጉ። ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል። በዚያ ዘመን ግን ለድሃ ልጅ በር መክፈት ነበር። ካቶሊኮች በ1950 የመምህራን ሁሉ ጠባቂ ቅዱስ ብለው ሰይመዋቸዋል።

ከዚያ በኋላ ያለውን በዓመተ ምሕረት ዝርዝር መሙላት አልፈለግኩም። ልጆች ዝርዝር ሲሰሙ ስልካቸውን ያወጣሉ። አንድ ነገር በእጃቸው እንዲይዙ አሰብኩ። ያገኘሁት ነገር እንጨት ነው።

ማክናሊ በነሐስም ይሠሩ ነበር። እኔን የማረከኝ ግን ከአየርላንድ ረግረግ የሚወጣው ኦክ ነው። ዛፉ ከሺህ ዓመታት በፊት ወድቆ በረግረግ ተውጧል። እዚያ አየር ስለሌለ አይበሰብስም። ኦክ ውስጥ ታኒን አለ፤ ሻይ ሲጠነክር ምላስን የሚይዘው ነገር ማለት ነው። ታኒኑ በውሃው ውስጥ ካለው ብረት ጋር ሲገናኝ እንጨቱ ከውስጥ ድረስ እየጠቆረ ይሄዳል። በመጨረሻ እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ ጠጥሮ ይወጣል። ይህንን የአገራቸውን እንጨት ነው ምድር ወገብ አጠገብ ባለች ከተማ የቀረጹት።

ኦክ ከየት ይምጣ? ስለዚህ ጠባዩን ብቻ ለማሳየት ወሰንኩ። ተራ የብረት ሚስማር በጠርሙስ አድርጌ አቼቶ ሞላሁበት። ክዳኑን ላላ አድርጌ ለጥቂት ቀናት አስቀመጥኩት። ጋዝ ስለሚፈጥር ጥብቅ አድርጎ መክደን አይገባም፤ እሳት አጠገብም አይቀመጥም። ከእንጨት ቤት የተረፈ የዋንዛ ቁራጭ ለምኜ አመጣሁ። በዝግጅቱ ምሽት ልጆቹ መጀመሪያ ወፍራም ሻይ በብሩሽ ቀቡት። ሲደርቅ የሚስማሩን ውሃ ደረቡበት። እንጨቱ ዓይናቸው እያየ ግራጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ጠቆረ። «ቲቸር፣ ቀለም የት አለ?» አለኝ አንዱ። ቀለም እንደሌለ ስነግረው አላመነኝም፤ ጠርሙሱን አንስቶ አሸተተው። ከዚያ በኋላ ስለ ማክናሊ የምናገረውን ሁሉ ሰሙኝ። አንድ ሰው በቁስ ፍቅር ሲያዝ ምን ማለት እንደሆነ በጣታቸው ነክተውታላ።

ሕይወታቸውን የተረክሁት ከዚህ በኋላ ነው። በ1923 ባሊንተበር በምትባል የሜዮ አውራጃ መንደር ተወለዱ። መንደሯ በ1216 የተመሠረተ፣ እስከ ዛሬ የሚጸለይበት ገዳም አላት። ወደ ሲንጋፖር የሄዱት በ1946 ነው። ከተማዋ ከጃፓን ወረራ ከወጣች ገና ዓመቷ ነበር። የተመደቡት በ1852 በተመሠረተው በቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት ነው። ይህን ስል ከወላጆች መካከል ሳቅ ተሰማ፤ እነሱ የሚያውቁት ቅዱስ ዮሴፍ እዚሁ አዲስ አበባ ነዋ።

አንድ ነገር ላይ ግን ሆን ብዬ ቆየሁ። ያ ማክናሊ ማስተማር የጀመሩበት ግቢ ከጊዜ በኋላ የሲንጋፖር የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆነ። ትምህርት ቤቱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፣ ሕንፃው ታደሰ፣ ሙዚየሙም በ1996 ተከፈተ። ጠመኔ በተያዘባቸው ክፍሎች ውስጥ ሥዕልና ቅርፃ ቅርፅ ተሰቀለ፣ ቆመ። የሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ በፕሮጀክተር አሳየሁ። ብዙ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ማክናሊ ራሳቸውም መማር አላቆሙም። ኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ዶክትሬታቸውን ሠሩ። ኋላም የቅዱስ ፓትሪክ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆኑ።

ትልቁን ሥራ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። በ1984 በዚያው በቅዱስ ፓትሪክ ስም የጥበብ ማዕከል ከፈቱ። ዕድሜያቸው 61 ነበር። እኛ አገር መምህር በ60 ጡረታ ይወጣል። እሳቸው በዚያ ዕድሜ ሀ ብለው ጀመሩ። ያኔ ሲንጋፖር ስለ ወደብ፣ ስለ ፋብሪካ እና ስለ ባንክ ነበር የምታስበው። ሥዕልና ጭፈራ እንጀራ ይሆናል ብሎ ልጁን የሚልክ ወላጅ ማግኘት ቀላል አልነበረም። በ1985 የአገሪቱን ዜግነት ወሰዱ። ማዕከሉ አድጎ ላሳል የጥበብ ኮሌጅ ተባለ። በ1990ዎቹ የሲንጋፖር አየር መንገድ ከፍተኛ ገንዘብ ሰጠው፤ ለዓመታትም የአየር መንገዱን ስም አክሎ ይጠራ ነበር። ማክናሊ በ2002 በትውልድ አገራቸው አረፉ። ኮሌጁ በ2007 መሀል ከተማ አዲስ ግቢ ገባ። ከውጭ ጥቁር ድንጋይ፣ ከውስጥ መስታወት የሆነ ሕንፃ ነው። የመንገዱ ስም ማክናሊ ጎዳና ነው።

የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ አንዲት እናት ተነሡ። «መምህር፣ ታሪኩ ደስ ይላል። ግን ልጄ በዚህ ይኖራል ወይ?» አሉኝ። ከምሽቱ ሁሉ የተሻለው ጥያቄ ይህ ነበር። «አዎ፣ ይኖራል» ብዬ አልሸነገልኳቸውም። ማክናሊ ለዚሁ ጥያቄ የሰጡትን መልስ ነገርኳቸው። ልጆቹን «በርቱ» ብለው አልተዋቸውም። የሚማሩበት ቦታ፣ የሚያስተምር ባለሙያ፣ ሲጨርሱ የሚይዙት ዲፕሎማ አዘጋጁላቸው። ልጅ በተሰጥኦ ብቻ አይኖርም፤ ከጀርባው ተቋም ያስፈልገዋል። የእኛም ክበብ በአቅሙ የሚያደርገው ይህንኑ እንደሆነ አስረዳኋቸው። የእሳቸው ልጅ አሁን የክበቡ አባል ነው፤ ቀለም መግዣውንም እናቱ ናቸው የሚሰጡት።

ያንን የድሮውን ጥያቄ ዛሬም እሰማዋለሁ። አሁን ግን የምመልሰው አለኝ። የማክናሊ ቅርፆች የመምህርነታቸው ትርፍ ጊዜ ውጤት አይደሉም። ኮሌጁም ከቅርፆቹ የሰረቀባቸው ጊዜ አይደለም። እንጨቱን በትዕግሥት የያዘው እጅ ነው ትምህርት ቤቱን የገነባው። እኔም ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓትን ለራሴ ሥዕል አድርጌያለሁ። በሩን አልዘጋም፤ የሚፈልግ ተማሪ ገብቶ ስሠራ ያያል። አብዛኛውን ነገር የሚማሩት ከጥቁር ሰሌዳው ይልቅ ያኔ ነው።

ይህን መሞከር ለሚፈልግ መምህር የምለው አንድ ነገር አለ። የሰውየውን ቁስ ፈልጉ። እንጨት፣ ሸክላ፣ ብራና፣ ቀለም፣ ምንም ይሁን። ልጆቹ መጀመሪያ ይዳስሱት። አቼቶውን ግን ከሳምንት በፊት አዘጋጁ፤ ለዕለቱ ከተቀመጠ አይደርስም።