ንግሥት ሜቭና የጎደላት ኮርማ

ባለፈው ሳምንት በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ጁገል ውስጥ አንድ የሐረሪ ጎረቤታችን ቤት ቡና ተጠርቼ፣ ነደባ በሚባለው ቀይ አፈር የተቀባ መደብ ላይ ተቀምጬ ግድግዳውን ሳስተውል ቆየሁ። ከጣሪያው ሥር እስከ መደቡ ድረስ ስፌቱና ሳህኑ በረድፍ ተሰቅሏል። በዕድሜ የገፉት የቤቱ እመቤት ከእናታቸው የወረሱትንና ከባላቸው ወገን የመጣውን በጣታቸው እየለዩ ሲያሳዩኝ፣ ከወጣትነቴ ጀምሮ የምወደው የአየርላንድ አፈ ታሪክ ትዝ አለኝ፤ እርሱም የሚጀምረው እንዲህ ባለ ቆጠራ ነውና።

ሜቭ በምዕራብ አየርላንድ የምትገኘው የኮናክት ንግሥት ስትሆን፣ መናገሻዋም ዛሬ ሮስኮመን በሚባለው አውራጃ ያለው ክሩሃን ነበር። አንድ ሌሊት ባሏ አሊል፣ እርሱን ካገባች ወዲህ ኑሮዋ እንደ ተሻሻለ ቢነግራት፣ ከእርሱም በፊት ባለጸጋ እንደ ነበረች መለሰችለት። ክርክሩ ስላልበረደ የሁለቱም ሀብት ከባልዲና ከድስት ጀምሮ፣ ቀለበቱና ልብሱ፣ በጉ፣ ፈረሱ፣ አሳማውና ከብቱ ሳይቀር ወጥቶ ተቆጠረ፤ እኩልም ሆነ። የጎደላት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፊንቤናህ የተባለው ባለ ነጭ ቀንድ ኮርማ። ከሜቭ ላም የተወለደ ሆኖ ሳለ፣ የሴት ንብረት መባልን ንቆ ወደ ንጉሡ መንጋ ተቀላቅሎ ነበር።

ብዙ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ሜቭን በአንድ ከብት ምክንያት አገር ያመሰች ስግብግብ ሴት ያደርጓታል። እኔ በዚህ አልስማማም። በጥንቱ የአየርላንድ ሕግ ጋብቻ የሚለየው ሀብቱ የማን እንደ ሆነ እየታየ ነበር፤ ባልና ሚስት እኩል ያዋጡበት፣ ሴቲቱ በወንዱ ሀብት የገባችበት፣ ወንዱም በሴቲቱ ሀብት የገባበት ጋብቻ እያንዳንዱ የየራሱ ደንብ ነበረው። ስለዚህ ያ ኮርማ በቤቱ ውስጥ የማን ቃል እንደሚጸና የሚወስን ሚዛን ነበር ማለት ነው። ሐረር ተወልዶ ያደገ ሰውም፣ ገበሬው አንዱን ሰንጋ ከልጁ ሳይለይ ደጁ ላይ በእጁ እያጎረሰ ሲቀልብ ስላየ፣ አንድ ከብት ምን ያህል ክብር እንደሚሸከም አይጠፋውም።

ደግሞም ሜቭ መጀመሪያ የመረጠችው ጦርን አልነበረም። በኡልስተር ግዛት፣ ኩሊ በተባለው አገር ለነበረው ቡናማ ኮርማ ባለቤት መልእክተኞች ልካ፣ ለአንድ ዓመት ቢያውሳት 50 ጊደሮች እንደምትሰጠው፣ ኮርማውን ይዞ ቢመጣም መሬትና ሠረገላ እንደምትጨምርለት አስታወቀች። ሰውየው በደስታ ተቀበለ። ሆኖም መልእክተኞቹ በግብዣው ላይ ሰክረው፣ በፈቃዱ ባይሰጥ ኖሮ በግድ ይወስዱት እንደ ነበር ሲናገሩ ተሰማና ስምምነቱ ፈረሰ። የሜቭ ስም ራሱ «አስካሪዋ» ማለት ሲሆን፣ ቃሉም እንደ እኛ ጠጅ ከማር ከሚጣለው መጠጥ ስም ጋር ይዛመዳል።

ከዚያ በኋላ ሠራዊቷን አስከትላ ዘመተች። የኡልስተር ወንዶች ማካ በተባለች አምላክ እርግማን ምጥ ይዟቸው ስለ ነበር ድንበሩን ብቻውን የጠበቀው የ17 ዓመቱ ወጣት ኩ ኩለን ነው። ኮርማው ተማርኮ ቢመጣም ሜቭ በመጨረሻው ውጊያ ተሸነፈች፤ ኮርማዎቹም ተዋግተው ነጩ በቡናማው ተገደለ፣ ቡናማውም ብዙ ሳይቆይ ሞተ። በሽንፈቱ ሰዓት ከጎኗ የነበረው ፌርጉስ፣ በባዝራ የተመራ መንጋ መጥፋቱ አይቀርም አለ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» እየተባለ ባደግሁበት አገር ይህ አነጋገር እንግዳ አይሆንብኝም፤ ባነበብሁት ቁጥር ግን ያመኛል። እኛ የተቀመጥንበትን ይህን ግንብ ያስገነባው አሚር ኑር ሲነሣ፣ ሚስቱ ባቲ ድል ወንበራ አብራ ትነሣለች፤ የቀድሞ ባሏ ኢማም አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1543 ወይና ደጋ ላይ ከወደቀ በኋላ ወደ ሐረር ተመልሳ፣ የተማረከ ልጇን በንጉሡ በገላውዴዎስ ወንድም በሚናስ ለውጣ ያስመለሰች ሴት ናት።

የሜቭ መቃብር ነው የሚባለው የድንጋይ ክምር ስላይጎ ውስጥ በኖክናሬ ተራራ አናት ላይ ይገኛል፤ ቁመቱ 10 ሜትር ያህል ነው፣ እስከ ዛሬም አልተቆፈረም። ንግሥቲቱ ጦር በእጇ ይዛ፣ ቆማ፣ ፊቷን ወደ ኡልስተር አዙራ እንደ ተቀበረች ይነገራል።

ይህን ሁሉ ለቤቱ እመቤት ስተርክላቸው ሦስተኛው ቡና ደርሶ ነበር። ስኒውን እያቀበሉኝ፣ ነጩን ኮርማ የወለደችው የማን ላም እንደ ሆነች ጠየቁኝ። የሜቭ መሆኗን ነገርኋቸው።

«እንግዲያው የእሷ ነው» አሉ።