ደሴን ጠርቼ ኮምቦልቻ አቤት ሲል

ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ አንድ የእህል መጋዘን የመኪና ሚዛን አለው። መኪናው መጀመሪያ ከነጭነቱ ይወጣበታል፣ ካራገፈ በኋላ ባዶውን ይመለስበታል፤ ልዩነቱ የተጣራው ክብደት ነው። የመጋዘኑ ባለቤት ሐጂ ናቸው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ግን የምትቀመጠው ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ባለው ቢሮ ነው። ሐጂ አንድ ቀን አስጠሩኝና «ልጄ፣ ሚዛኑ ያነበበውን እሷ እዚያው ሆና እንድታየው አርግልኝ። ወረቀቱን በሹፌር እጅ መላክ ሰለቸኝ» አሉኝ። በእርግጥ መንገዱ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን የሐረጎ ዳገት መሀል ላይ አለ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ጭጋጉ ሲወርድ ወረቀቷ የምትደርሰው በማግስቱ ነው።

ሚዛኑ ጋ ያለችው ኮምፒውተር ያረጀች ናት። ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓተ ክወና ጫንኩባትና ፕሮግራሙን ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጻፍኩት። በሲ የጻፍኩት ከሚዛኑ ገመድ ቁጥር የሚያነብ የሲ ኮድ ከድሮ ሥራ ስለተረፈኝ እንጂ ሌላ ጀግንነት የለበትም። ክብደቱ ወደ ሁለት ቦታ እንዲላክ ወሰንኩ፦ አንዱ ደሴ ወዳለው ዋና ሰርቨር፣ ሌላው እዚያው መጋዘኑ ውስጥ ወዳለች መጠባበቂያ ማሽን። የመጀመሪያውን «ደሴ»፣ ሁለተኛውን «መጋዘን» ብዬ ሰየምኳቸው። የአይፒ ቁጥሩን፣ ማለትም የማሽኑን የኔትወርክ አድራሻ፣ ኮዱ ውስጥ መቅበር ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ቁጥር ይቀየራል፣ ስም ይቆያል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ስሙን ይዞ ቁጥሩን ይጠይቅ አልኩ።

ከተማሪነቴ የማስታውሰው ፈንክሽን (ስትጠራው አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ጌትሆስትባይኔም ነበር። ስም ትሰጠዋለህ፣ ሆስትኤንት ወደሚባል ስትራክት (የመረጃ ጥቅል) የሚያመለክት ፖይንተር፣ ማለትም የሜሞሪ ቦታ ጠቋሚ፣ ይመልስልሃል፤ ጥቅሉ ውስጥ አድራሻው አለ። እኔም ሁለት መስመር ጻፍኩ፦ «ደሴ»ን ጠይቄ ፖይንተሩን አንድ ቦታ አስቀመጥኩ፣ «መጋዘን»ን ጠይቄ ሌላ ቦታ አስቀመጥኩ። ከዚያ በሁለቱ ፖይንተሮች ሁለት ሶኬት (የኔትወርክ መገናኛ) ከፈትኩ። ያለምንም ማስጠንቀቂያ ኮምፓይል አደረገ። ሻይ ጠጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከደሴ ተደወለ። «ወንድምዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድም መኪና አልገባልኝም።» እኔ ደግሞ ሚዛኑ አጠገብ ቆሜ ስድስተኛው መኪና ሲመዘን እያየሁ ነው። ስልኩን ሳልዘጋ ሐጂ የመጠባበቂያዋን ማሽን ዝርዝር አትመው መጡ። ጣታቸውን አንድ ሰሌዳ ቁጥር ላይ አሳርፈው «ይኼ ማሾ የጫነ አይሱዙ ሁለቴ ተመዝኗል እንዴ?» አሉ። አየሁት። እሱ ብቻ አይደለም፣ ሁሉም መኪና ሁለት ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። ሰዓቱ አንድ፣ ኪሎው አንድ።

የደሴው ድርሻም ኮምቦልቻ ገብቷል ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌትሆስትባይኔም መልሱን የሚጽፈው በራሱ ሜሞሪ ላይ ነው፤ ላንተ የሚሰጥህ ያንን ሜሞሪ የሚያሳይ ፖይንተር ብቻ ነው። ቦታው ደግሞ አንድ ነው። ሁለተኛ ስም ስትጠይቀው እዚያው ላይ፣ በፊተኛው ላይ ደርቦ ይጽፋል። የእኔ ሁለት ፖይንተሮች ሁለት ስም ይኑራቸው እንጂ የሚያሳዩት አንድ ቦታ ነበር። ማኑዋሉ ይህን በግልጽ ጽፎታል፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ጎረቤት በራሷ ሰፌድ ያበደረችህን ሽሮ ወደ ራስህ ዕቃ ሳትገለብጥ ሰፌዱን መልሳ ብትወስደው ማንን ትወቅሳለህ?

ምክንያቱ ከገባኝ በኋላ ማስተካከሉ ቀላል መሰለኝ። አድራሻውን እንደተመለሰ ወደ ራሴ ተለዋዋጭ ገለበጥኩት። ለማረጋገጥም ሁለቱን አድራሻ በአንድ ፕሪንትኤፍ (ስክሪን ላይ በሚያትመው ፈንክሽን) በአንድ መስመር አሳተምኩ። አሁንም አንድ ዓይነት ሆነው ወጡ! 192.168.10.5 እና 192.168.10.5። ገለበጥኩ፣ እንደገና ገለበጥኩ፣ የኮፒውን መጠን በባይት ቆጠርኩ። መብራት ሄዶ መጣ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ኮዱን ሙሉ በሙሉ ልሰርዘው እጄ ላይ ነበር።

ጥፋቱ ግን ማረጋገጫው ላይ ነበር። አድራሻን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ኢኔትኤንቶኤ የሚባለው ፈንክሽንም እንደ ወንድሙ መልሱን በአንድ ቋሚ ቦታ ላይ ነው የሚጽፈው። በአንድ ፕሪንትኤፍ ውስጥ ሁለቴ ስጠራው አንዱ ጥሪ የሌላውን ጽሑፍ አጠፋው፤ ከዚያ ያንኑ አንዱን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አተመልኝ። አድራሻዎቹ ትክክል ነበሩ፤ የዋሸው መስተዋቱ ነው። ሁለቱን በየራሳቸው ፕሪንትኤፍ ሳሳትማቸው ተለያይተው ወጡ። ያንን ምሽት መቼም አልረሳውም፤ አሁን አንድ ነገር ሲበላሽብኝ አስቀድሜ የምጠረጥረው የማየትበትን መሣሪያ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፣ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን። ጌትሆስትባይኔም እ.ኤ.አ. በ1983 ከበርክሊው የዩኒክስ ሥርዓተ ክወና፣ ከ4.2ቢኤስዲ ጋር የመጣ ነው። ያኔ የኔትወርኩ ማሽኖች ስም ሁሉ ካሊፎርኒያ ባለ አንድ የምርምር ተቋም በሚጠበቅ አንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ይጻፍ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ያንን እየገለበጠ ይጠቀም ነበር። ፖል ሞካፔትሪስ የማሽን ስሞችን በብዙ ሰርቨሮች የሚያከፋፍለውን ዲኤንኤስን ያቀረበውም በዚያው ዓመት ነው። ስለዚህ ፈንክሽኑ የተሠራው ፕሮግራም አንድ ነገር ብቻ በሚሠራበት፣ አድራሻም 32 ቢት ብቻ በሆነበት ዘመን ነው። ለዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች የወጣው የፖዚክስ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2008 እትሙ ፈንክሽኑን ከዝርዝሩ አስወጥቶታል። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ደግሞ በሊኑክሱ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ፣ በጂሊብሲ ውስጥ፣ በዚሁ ፈንክሽን በኩል የሚደረስበት፣ «ጎስት» የተባለ የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ ሆነ፤ ቀዳዳው እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ እዚያ ነበር። እኔ ግን ይህን ሁሉ ሳላውቅ የሐጂን ማሾ አደራ ሰጥቼዋለሁ።

ምትኩ ጌትአድርኢንፎ ነው። መልሱን በሊስት መልክ ይሰጥሃል፤ ሊስቱ ያንተ ነው፣ ሌላ ጥሪ አይደመስሰውም፣ ስትጨርስ በፍሪአድርኢንፎ ትመልሰዋለህ። ከብዙ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሄዱ የሥራ መስመሮች) ቢጠራም አይምታታም። የፖርት (የማሽኑን የመግቢያ በር) ቁጥሩንም በጽሑፍ «5050» ብለህ አብረህ ትሰጠዋለህ፤ በትክክለኛው የባይት ቅደም ተከተል አድርጎ ያስቀምጥልሃል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በድሮው ኮዴ ይህን ቅደም ተከተል የሚያስተካክለውን ኤችቶንስን ረስቼ ፕሮግራሙ 5050ን ትቶ የ47635ን በር ሲያንኳኳ የዋለበት ቀን ነበር። ባይቶቹ ተገልብጠው ነው።

አዲሱ ፈንክሽን ግን የራሱ ዓመል አለው። መጀመሪያ «ደሴ»ን ስጠይቀው ሦስት መልስ ሰጠኝ፣ ሦስቱም አንድ አድራሻ። ሰርቨሩ ሦስት የኔትወርክ ካርድ ያለው መስሎኝ ደሴ ደውዬ አስቆጠርኳቸው፤ ሳቁብኝ። ለካ ምን ዓይነት ሶኬት እንደምፈልግ በሂንትስ (የምትፈልገውን በምትሞላበት ስትራክት) ላይ ስላልነገርኩት ለሦስቱም የሶኬት ዓይነት፣ ለቲሲፒም፣ ለዩዲፒም፣ ለጥሬ ሶኬትም አንድ አንድ አዘጋጅቶልኝ ነው። የሶኬቱን ዓይነት ስትሪም (የቲሲፒው) ብዬ ስሞላለት አንድ ብቻ ሆነ። ሂንትሱን ከመሙላት በፊት በሜምሴት ዜሮ ማድረግም ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ የቀረው ቦታ ላይ ያለው ጥራጊ ቁጥር እንደ ትእዛዝ ይቆጠራል።

መልሱ ሊስት መሆኑን ደግሞ በቤቴ ሙከራ ላይ ነው በደንብ የገባኝ። የሙከራ ሰርቨር በራሴ ላፕቶፕ ላይ አስነስቼ «ሎካልሆስት» (ይኸው ማሽን ራሱ ማለት ነው) ብዬ ስጠይቅ መጀመሪያ የመጣው «::1» ነበር፣ የአዲሱ ዓይነት አይፒ፣ የአይፒቪ6ቱ አድራሻ። ሰርቨሬ የሚያዳምጠው በድሮው ዓይነት፣ በ127.0.0.1 ብቻ ነው። ግንኙነቱ ተከለከለ ተብሎ ፕሮግራሙ ቆመ፤ ትክክለኛው አድራሻ ግን ሊስቱ ላይ ሁለተኛ ሆኖ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ መሮጥ ከጌትሆስትባይኔም ዘመን የቀረ ልማድ ነው። አሁን ኮዴ ከሊስቱ አንዱን ይወስዳል፣ ሶኬት ይከፍታል፣ ለመገናኘት ይሞክራል፤ እምቢ ካለው ሶኬቱን ዘግቶ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ሊስቱ ሲያልቅ ብቻ ነው አልተቻለም የሚለው።

ስህተት ሲያጋጥም የሚያትመው መልእክትም አሳቆኛል። እንደለመድኩት፣ ኤርኖ በሚባለው ቦታ የተመዘገበውን ስህተት የሚያትመውን ፒኢረርን ጠራሁና ስክሪኑ ላይ ስሙ አልተገኘም በሚለው ፈንታ «ሰክሰስ» የሚል ወጣ። ተሳክቷል! ጌትአድርኢንፎ የራሱ የስህተት ቁጥሮች አሉት፣ ኤርኖ ላይ አይጽፍም ማለት ይቻላል፤ ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ጋይስትርኢረር ነው። ከእነዚያ ቁጥሮች ሁለቱን መለየት ለኛ አገር ኔትወርክ ዋና ነገር ነው። አንዱ «እንዲህ የሚባል ስም የለም» ይላል፤ ይህ የፊደል ስህተት ወይም ያልተመዘገበ ስም ነው፣ ደጋግሞ መጠየቅ አይጠቅምም። ሌላው «ለጊዜው አልቻልኩም» ይላል፤ መስመሩ ተቋርጧል፣ ቆይተህ ሞክር ነው። በመጀመሪያ ሁለቱንም አንድ አድርጌ ፕሮግራሙን እዘጋው ነበር፤ መስመር በተቋረጠ ቁጥር ሚዛኑ ጋ ያለው ልጅ «ያው ነገርዬው ጠፋ» እያለ ይደውልልኛል።

ከሁሉ የከፋብኝ መዘግየቱ ነው። አንድ ሐሙስ ከሰዓት ወደ ደሴ ያለው መስመር ሞተ። ተሳቢ ያለው ሲኖትራክ ሚዛኑ ላይ ወጥቶ ቆሟል፤ ስክሪኑ ደርቋል፤ ቁልፍ አይሰማም፣ ክብደት አያሳይም። ከኋላው ያሉት ጥሩምባ ጀመሩ። ረዳቱ ወርዶ «ሚዛኑ ሰው ነው እንዴ፣ የሚያስበው?» አለ። ሐጂ ብቻ «አብሽር ልጄ» እያሉ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። እኔ ደግሞ ያለሁበት አስፋልቱ ይዋጠኝ።

ሒሳቡን በኋላ ሠራሁት። ማሽኗ ላይ ሁለት የስም ሰርቨሮች (ስም ሲጠየቁ ቁጥሩን የሚመልሱ) ተመዝግበዋል፣ ሁለቱም ከተቋረጠው መስመር ማዶ ናቸው። ሊኑክሱ በነባሩ አሠራር ለእያንዳንዱ 5 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ዙሩንም ሁለቴ ያደርጋል። ሃያ ሰከንድ ለአንድ ስም፤ እኔ ሁለት ስም እጠይቃለሁ፣ አርባ። ጌትአድርኢንፎ ደግሞ እስኪጨርስ ድረስ የጠራውን ትሬድ ይዞ ይቆያል፤ ተወው ብለህ የምታስቆምበት ቀላል መንገድ የለውም፣ እኔም የምጠራው ስክሪኑን ከሚያድሰው ትሬድ ላይ ነበር። ሁለት ነገር አደረግኩ። የስም አጠያየቁ በሚወሰንበት በሪዞልቭኮንፍ ፋይል ላይ የመጠበቂያውን ጊዜ ወደ 1 ሰከንድ፣ ሙከራውንም ወደ አንድ አወረድኩ። ዋናው ግን ሥራውን መለየቴ ነው፦ ክብደቱ ከተነበበ በኋላ መጀመሪያ ዲስክ ላይ ይጻፋል፤ ስም መጠየቁንና መላኩን ሌላ ትሬድ በራሱ ሰዓት ይሠራዋል። መስመር ኖረም አልኖረም መኪናው ተመዝኖ ይወርዳል።

የመጨረሻዋ ጉድ ከወራት በኋላ መጣች። የደሴው ቢሮ ሰርቨሩን ሌላ ክፍል አዛውሮ አይፒው ተቀየረ፣ የስም ሰርቨሩም ላይ ተስተካከለ። ፕሮግራሜ ግን ወደ ድሮው ቁጥር መሄዱን ቀጠለ። አዲሱ ላኪ ትሬድ ሲነሳ አንዴ ጠይቆ ያንኑ ይዞ የሚኖር ስለነበር፣ በተገናኘ ቁጥር እንደ አዲስ እንዲጠይቅ አደረግኩት፤ ጌትአድርኢንፎ መልሱ እስከ መቼ እንደሚያገለግል አይነግርህምና። አሁንም ወደ ድሮው! ኤንኤስሉካፕ በሚባለው ትእዛዝ ስጠይቅ አዲሱን ቁጥር ይሰጠኛል፣ ፕሮግራሙ አሮጌውን ይላል። አንድ ማሽን፣ አንድ ስም፣ ሁለት መልስ።

ለካ ኤንኤስሉካፕ በቀጥታ የስም ሰርቨሩን ነው የሚጠይቀው። ጌትአድርኢንፎ ግን ቅደም ተከተሉን ከኤንኤስስዊች ፋይል አንብቦ መጀመሪያ ማሽኑ ላይ ያለውን፣ ስምና ቁጥር በእጅ የሚጻፍበትን የሆስትስ ፋይል ያያል፤ እዚያ ካገኘ ወደ ሰርቨሩ አይሄድም። ፕሮግራምህ የሚያየውን ለማየት ትክክለኛው መሣሪያ ጌትኤንት የሚባለው ትእዛዝ ነው፤ ብጠይቀው እሱም አሮጌውን ቁጥር ነገረኝ። የሆስትስ ፋይሉን ከፈትኩ። በዚያ የጥሩምባ ሐሙስ ማታ፣ ለአንድ ሌሊት ብዬ በገዛ እጄ የጻፍኩት መስመር እዚያው አለ፦ የድሮው አይፒና አጠገቡ «ደሴ»።

መስመሩን ሰርዤ ደሴ ደወልኩ። «እህቴ፣ እስኪ እይው።» ትንሽ ቆየችና አንድ የሰሌዳ ቁጥር አነበበችልኝ፤ በመስኮት ሳይ ያው መኪና ገና ከሚዛኑ እየወረደ ነው። ሐጂ ከኋላዬ «ስንቴ ገባላት ብለህ ጠይቃት» አሉኝ።

«አንዴ ነው» አለች።