ሦስተኛው ዓምድ፦ ወሬ ማጣራት ስንማር የያዝኩት ማስታወሻ

በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜና የማነበው እኔ ነኝ። ክበባችን ወሬ ማጣራት መማር ከጀመረ ስድስት ሳምንት ሆነው። የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በፎቶ አለቁ። አንድ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ሌላ የት እንደታየ የሚፈልጉትን ጎግል ሌንስንና ቲንአይን ለመድን። ቲንአይ ካዘዛችሁት ያገኛቸውን ውጤቶች ከድሮው ጀምሮ ይደረድርላችኋል፤ ፎቶው መጀመሪያ የት እንደታየ ለመጠርጠር ያግዛል። አንድ ቀን ግን «ትናንት ማታ አዲስ አበባ» የተባለ የጎርፍ ፎቶ ይዘን ሁለቱም ምንም አላወጡልንም። ቁጭ ብለን ፎቶውን ራሱን አየነው። መኪኖቹ በግራ መስመር ነው የሚሄዱት! እኛ አገር የሚነዳው በቀኝ ነው። ተገልብጦ ይሆን ብለን ታርጋዎቹን አየን፤ ቁጥሮቹ በትክክል ይነበባሉ። ያንን ፎቶ ጠዋት ለቤተሰብ ግሩፕ የላክሁት እኔ ነበርኩ። «እማዬ፣ የእኛ አገር አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። «ውይ፣ ለአክስትሽ ልኬላት ነበር» አለችኝ። ደወልንላት።

በአማርኛ መፈለግ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። «ሠራተኛ» ብዬ ያጣሁትን ዜና «ሰራተኛ» ብዬ አገኘሁት። ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐም እንደዚያው ናቸው፤ ሁሉንም መሞከር ነው። «በ2012» የሚል ስታዩ ደግሞ የእኛ ነው የፈረንጅ ብላችሁ ጠይቁ። የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አለው።

ብዙ ያከራከረን የፈተና ወሬ ነው። «የ12ኛ ክፍል ፈተና ወጣ» ሲባል እኔ ሁልጊዜ «ውሸት ነው» እል ነበር። መምህራችን ስለ 2008 ዓ.ም. ፈልገን እንድናነብ አዘዙን። ያኔ ፈተናው እውነትም በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ፣ ትምህርት ሚኒስቴር ሰርዞት ሌላ ቀን ነው የተሰጠው። ሳያዩ መካድም ሳያዩ እንደማመን መሆኑ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ደብተሬ ላይ ሦስት ዓምድ አለኝ፦ እውነት፣ ሐሰት፣ ገና ያልተጣራ። ረጅሙ ሦስተኛው ነው።

አንድ ዘዴ ግን ሁላችሁም ብታውቁት ደስ ይለኛል። ቴሌግራም ላይ የቻናል ባለቤት የድሮ ፖስቱን መቀየር ይችላል። ከፈተናው በፊት የሆነ ነገር ለጥፎ፣ ፈተናው ሲያልቅ በጥያቄዎቹ ይተካዋል። ቀኑ የድሮው ሆኖ ስለሚቀር «ቀድሜ አውጥቼ ነበር» ይልና ለሚቀጥለው ፈተና ብር ይሰበስባል። ከሰዓቱ አጠገብ «ኤዲትድ» (ተቀይሯል) የሚል ምልክት ካለ እሱን እዩ። አስመሳይ ቻናል እንዳይሆን የቻናሉን ዩዘርኔም ደግሞ ፊደል በፊደል አንብቡት።

ባለፈው ሰኞ ሰልፍ ላይ «ይህን ገና አላጣራነውም» ብዬ አነበብኩ። ተማሪው አጉረመረመ። ሐሙስም ደገምኩት።

የሚቀጥለው ሳምንት ተራ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ድምፅ ነው። የሞከራችሁት ካላችሁ ከምን እንደጀመራችሁ ጻፉልኝ። የጎርፉ ፎቶ ከየት አገር እንደሆነ እስካሁን አላገኘንም፤ ሦስተኛው ዓምድ ላይ ነው ያለው።