ሱሉልታ ላይ እጄን አነሣሁ

ባለፈው ነሐሴ አገር ቤት ልገባ ስዘጋጅ፣ ከሦስቱ ሳምንት አንዱን ሱሉልታ ውስጥ በሚካሄድ የልጆች መንፈሳዊ ካምፕ በበጎ ፈቃድ እንደማገለግል ለአንድ የአዲስ አበባ ወዳጄ በስልክ ነገርኩት። ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምን አጥፍተህ ነው?» አለኝ።

ጥፋቱ የእኔው ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያለ ልክ በፍጥነት ሲያሽከረክር ተይዞ፣ ፍርድ ቤት ያለ ክፍያ መናፈሻ እንዲያጸዳ እንደ ፈረደበት አጫውቼው ነበር። ወዳጄ ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ሰው በነፃ የሚሠራው ሲፈረድበት ብቻ ነው ብሎ ይዟል። እንዳልተፈረደብኝ ላስረዳው ስሞክር ነገሩ ባሰ። የአውሮፕላን ቲኬቱን ማን ቻለው? እኔ። ለቀረህበት ቀን ደመወዝ ይታሰብልሃል? አይታሰብልኝም። «እንግዲያውስ ፈራጁም ተቀጪውም አንተው ነህ» አለና ሳቁን ለቀቀው።

ከተመለስኩ በኋላም ጥያቄው አላባራም። ቨርጂኒያ ያሉት የሥራ ባልደረቦቼ «ልጆቹ ጫማ አላቸው?» ይሉኛል፤ አዲስ አበባ ያሉት «ስንት ከፈሉህ?» ይሉኛል። ሁለቱንም በአንድ ጽሑፍ ልገላገላቸው ብዬ ነው የተቀመጥኩት። (ጫማ አላቸው። ምንም አልከፈሉኝም።)

ቨርጂኒያ ከገባሁ 11 ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ አረጋውያንንና ሕሙማንን በተሽከርካሪ ወንበር መግፋት ነው። እንደ መጣሁ ሰሞን፣ ቀድሞኝ የገባ የአገሬ ልጅ «ለሥራ ስታመለክት ስለ አንተ የሚመሰክር ሰው ይጠይቁሃል፤ የሚያውቅህ ከሌለ ቤተ ክርስቲያን ሄደህ አገልግል» ብሎ መከረኝ። ስለዚህ በጎ ፈቃዴ መጀመሪያ ላይ ያን ያህል በጎ አልነበረም። በሰፈሬ ያለች የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ለልጆች የአንድ ሳምንት ፕሮግራም ታዘጋጅ ነበርና ተመዘገብኩ። የጣት አሻራ ሰጠሁ፣ ቅጽ ሞላሁ፣ ሥልጠና ተቀመጥኩ። ከሥልጠናው ግማሹ አልገባኝም፤ ገብቶኛል ብዬ ፈረምኩ።

በሁለተኛው ቀን አንድ የአራት ዓመት ልጅ ሲሮጥ ወደቀና አለቀሰ። ማንኛችንም የምናደርገውን አደረግሁ። ብድግ አድርጌ አቀፍኩት፣ «እደግ፣ እደግ» አልኩት፣ ንፍጡን በእጄ ጠረግሁለት፣ ሁለት ጉንጩን ሳምኩት። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተጠራሁ። ኃላፊዋ ፈገግ ብላ አስቀመጠችኝ፤ ፈገግ ብላ ውኃ ሰጠችኝ፤ ፈገግ ብላ ልጅ መሳም እንደማይፈቀድ ነገረችኝ። ፈረንጅ ሊያሰናብትህም ሲል ፈገግ እንደሚል ያን ጊዜ አላውቅም ነበርና እኔም ፈገግ አልኩ። ከዚያ ደንቡን አንድ በአንድ አነበበችልኝ። ልጅ የሚታቀፈው ከጎን ነው፣ በአንድ እጅ፣ ያውም ልጁ ራሱ ከመጣ። ጭን ላይ አይቀመጥም። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን ክፍል ውስጥ አይገኝም። መስተዋት የሌለው በር አይዘጋም። ወላጅ ካልፈረመ ልጁ ፎቶግራፍ አይነሣም።

ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምን ዓይነት ሰው መሰልኳቸው እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ። ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም፤ ብነግራት «ልጄ ልጅ ስሞ ተከሰሰ» ብላ ሰፈሩን ሁሉ ታስለቅስ ነበር።

ደንቡ ትክክል መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ልጅ የሚያጠቃ ሰው ግንባሩ ላይ አይጻፍበትም፤ ልጅ ወዳለበት ለመጠጋት ደግሞ በጎ ፈቃደኛ ነኝ ብሎ መምጣትን የመሰለ መንገድ የለም። «እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም» የሚሉኝን አላምናቸውም። አለ፤ ጓዳችን ሰፊ ስለ ሆነ ነው ያልታየን። እናም ደንቡን ያዝኩት። 11 ዓመት ሲኖሩበት ግን ደንብ ከአእምሮ ወርዶ እጅ ውስጥ ይገባል። ዛሬ ልጅ እየሮጠ ሲመጣብኝ እጄ ሳላዝዘው ይነሣል።

ከአዲሱ ገበያ ተነሥተን በጎጃም መንገድ የእንጦጦን ዳገት ስንወጣ ጉሙ ባሕር ዛፉን ውጦት ነበር። ማዶ ስንወርድ ሜዳው ላይ ውኃ ተኝቶበታል። ነሐሴ ላይ ሱሉልታ ሐይቅ ናት። እኔ ግን ሻንጣዬን የሞላሁት በቨርጂኒያ አእምሮ ነው፤ እነርሱ የልጆች ካምፕ የሚያደርጉት በጠራራ ፀሐይ ነዋ! አየር መንገዱ ከፈቀደልኝ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎች በአንዱ ውስጥ ቁምጣ፣ ባርኔጣና አራት ጠርሙስ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ነበር። ጃንጥላ የለም። ቦት ጫማ የለም። ኳሶችም ይዤ ነበር፤ ቦታ እንዳይፈጁ አየራቸውን አስተንፍሼ፣ የሚነፉበትን መርፌ ግን ረስቼ። አንዱ ልጅ የተኮማተረውን ኳስ አገላብጦ አየና በአክብሮት መለሰልኝ። ሳምንቱን በሙሉ የተጫወትነው በጨርቅ ኳስ ነው። እንደ እኔ ተሸክማችሁ ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ባዶ እጃችሁን ሂዱና መርካቶ ግዙ።

ከፍታውንም ዘንግቼው ነበር። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ሜዳ የሠራው እዚያ ነው፤ የውጭ አገር ሯጮች ሳይቀሩ ለልምምድ ይመጡባታል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ከልጆቹ ጋር አባሮሽ ስጫወት ሦስት ደቂቃ ሳይሞላኝ ጉልበቴን ይዤ ቀረሁ። አንዲት ትንሽ ልጅ ለጓደኛዋ «ጋሼ አሜሪካ ታመዋል» ስትል ሰማኋት። ስሜ ሆኖ ቀረ።

ካምፑን ያዘጋጀችው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ናት። ልጆቹ 80 ገደማ ይሆናሉ፤ የአካባቢው ልጆች ስለ ሆኑ መዝሙሩ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በአፋን ኦሮሞ ነው። እነርሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳያስቡት ይሻገራሉ፤ እኔ በሁለተኛው አፌን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። ከመካከላቸው የኦርቶዶክስ ቤተ ሰብ ልጆችም ነበሩ፤ ጊዜው ደግሞ ፍልሰታ። ፍልሰታ የልጆች ጾም መሆኑን እንዴት እረሳለሁ? እኔ ራሴ በልጅነቴ ማንም ሳያዝዘኝ ከሰፈር ጓደኞቼ ጋር እየተፎካከርኩ ጾሜዋለሁ። ያመጣሁትን ቸኮላት ሳድል አንዱ ልጅ «የጾም ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጀርባው ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበብኩ፤ ወተት አለበት። ብዋሸው ማንም አያውቅም ነበር። «አይደለም» አልኩት። አልመለሰልኝም። በላስቲክ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና «ሲፈታ» አለኝ። ነሐሴ 16 ማለቱ ነው። በሱሉልታ ብርድ እንደሆነ አይቀልጥም።

ወጥ ቤት የነበሩትን እናትም ሳልጠይቃቸው አልቀረሁም፤ «ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ አለ?» አልኳቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ልጅ በኦቾሎኒ ሊሞት ይችላል። የሽሮውን ድስት እያማሰሉ ቀና ብለው አዩኝና፣ «መጀመሪያ ይገኝና ልጄ፣ መስማማቱን ያን ጊዜ እናያለን» አሉኝ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ቀን መጣሁ። ይህን ሁሉ የምጽፈው ለእርሱ ስል ነው።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ልጆቹን ሜዳ አወጣናቸው። በገመድ ጉተታ ውድድር አንዱ ቡድን አሸነፈና ጩኸቱ ቀለጠ። ከአሸናፊዎቹ አንዷ፣ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት፣ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ሹራብ የደረበች ልጅ፣ በደስታ እየጮኸች ከሜዳው ማዶ ወደ እኔ መጣች። ሁለት እጇን ዘርግታለች። እኔ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እጆቼ ከትከሻዬ በላይ ወጡ፣ መዳፎቼ ወደ ፊት ዞሩ፤ «እጅ ወደ ላይ!» የተባለ ሽፍታ መሰልኩ። ልጅቷ ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። መጀመሪያ እጆቼን አየች። ቀጥሎ ጎንበስ ብላ የራሷን ቀሚስ አየች። ጫፉን በሁለት ጣቷ ይዛ ዘረጋችው፤ ጭቃ ፈልጋ መሰለኝ። ጭቃ አልነበረበትም። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣

«ጋሼ፣ ትናንት ነው ያጠብኩት» አለችኝ።

ምን ልበላት? ስለ ቨርጂኒያ ደንብ ልንገራት? ስለ መስተዋት በር? «ጎበዝ» አልኳት። እስከ ዛሬ ሌሊት ቀስቅሶ የሚያስቀምጠኝ እጄን ማንሣቴ ብቻ ሳይሆን ይህ «ጎበዝ» ነው። ልብስ ማጠቧን ያደነቅሁላት ይመስል! ሹራቧን ወደ ታች ጎትታ ቀሚሱን እየሸፈነች ፊቷን አዙራ ሄደች።

ማታ የሴት ልጆቹ ኃላፊ የሆነች ወጣት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «ያን ያህል ምን አስደነገጠህ?» አለችኝ። የቨርጂኒያውን ደንብ ከሥሩ ጀምሬ አስረዳኋት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና ወደ ግድግዳው ጠቆመችኝ። ለሦስት ቀን በአጠገቡ ሳልፍ አንድም ጊዜ ያላነበብኩት፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። አራተኛው መስመር «ማንም አገልጋይ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይሁን» ይላል። እኔ በልቤ ሥልጣኔ ይዤ የመጣሁ መስሎኝ ነበር። «ደንቡማ እኛም አለን» አለችኝ። «ግን ሜዳ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየህ፣ እጇን እንኳ ብትጨብጣት ምን ነበረበት?»

አጎቴም ቆይቶ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። እርሱ በንጉሡ ዘመን አራት ኪሎ ወወክማ (ወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) ቅርጫት ኳስ ሲጫወት ያደገ ነው። «ልጅ ሰብስቦ ማጫወትን ዛሬ ነው እንዴ ከአሜሪካ የምታመጣልን?» አለኝ። ወወክማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1844 ለንደን ላይ የተጀመረው ማኅበር ነው፤ ያው ማኅበር በ1885 ኒው ዮርክ ውስጥ የጀመረው የልጆች ካምፕም እስከ ዛሬ አለ። እኔ አዲስ ነገር ይዤ የሄድኩ የመሰለኝ፣ አጎቴ ቁምጣ ለብሶ የሮጠበት ነው።

ለመምጣት የምታስቡ ልጆች ካላችሁ እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዲቪ ደርሷችሁም ይሁን በሌላ መንገድ፣ እንደ ገባችሁ በበጎ ፈቃድ አገልግሉ። አታፍሩበት። አፋችሁ በእንግሊዝኛ የሚፈታው በዚህ ነው፤ ለሥራ የሚመሰክርላችሁ ሰው የምታገኙት በዚህ ነው፤ ወጪውን ዘርዝሮ ግብር ለሚያሳውቅ ሰው ለአገልግሎቱ በመኪናው የሄደበት እንኳ በማይል 14 ሳንቲም ግብር ከሚታሰብበት ገቢው ላይ ይቀነስለታል። ሥልጠናውን ግን እንደ እኔ ሳይገባችሁ አትፈርሙ። የጎረቤት ልጅ አትሳሙ። አሳንሰር ውስጥ ያገኛችሁትን ሕፃን ጉንጭ አትቆንጥጡ፤ ከረሜላም ከኪሳችሁ አታውጡ። እኛ ዘንድ ልጅ የመንደሩ ነው፤ እዚህ የወላጆቹ ነው፣ እርሱም በፊርማ። ስታገለግሉ ኖራችሁ አገር ቤት ለመሄድ ስትነሡ ደግሞ፣ ከሻንጣው በፊት ለእጃችሁ ንገሩት።

ከዚያ ቀን በኋላ ልጅቷ ስታገኘኝ መንገድ ላይ እንደ ተኛ ውኃ ትዞረኝ ጀመር። በማግስቱ ንጹሕ ልብስ አለቀብኝ። ቁምጣ ለብሼ እንዳልወጣ ብርዱ፣ ሱሪ እንዳልለብስ ጭቃው። ሳፋ ተዋስኩና ከቧንቧው አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። በእጄ ካጠብኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። የልብስ ሳሙናውን እንዳለ ውኃው ውስጥ ከተትኩት፤ ሲሟሟ እያየሁ ሱሪዬን እንደ ሊጥ አሸዋለሁ። ልጃገረዶቹ ተሰብስበው ይስቃሉ። እርሷ ከኋላ ቆማ ነበር። ጥቂት ታገሠች፤ አልቻለችም።

«እንደሱ አይደለም» አለችና መጥታ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለች። ሳሙናውን ከውኃው አውጥታ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው፤ ልታድነው ነው። የሱሪውን ጉልበት ብቻ ሳሙና ቀባችና በእጆቿ መሐል ይዛ ፈተገችው፤ ውኃው ቡና መሰለ። ካለቀለቀችው በኋላ አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጥታ ሌላውን ያዘች፤ ልንጨምቀው ነው። እርሷ ስትጠመዝዝ እኔም ተከትዬ ወደሄደበት አዞርኩ፤ ሱሪው ዞረ እንጂ አልተጨመቀም። «በዚያኛው!» አለችኝ። በዚያኛው አዞርኩ። ጥርሷን ነክሳ ስትጠመዝዘው ጫፉ ከእጄ አመለጠና ሱሪዬ ጭቃው ላይ ተዘረረ። ሁለታችንም አየነው። ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንደገና ከመጀመሪያው አጠብነው።

ነሐሴ ላይ ሱሉልታ ውስጥ ልብስ አይደርቅም። ወጥ ቤት የነበሩት እናት አዘኑልኝና ከማገዶው በላይ ሰቀሉልኝ። ዓርብ ካምፑ አልቆ ማታ አዲስ አበባ እኅቴ ቤት ስደርስ ያንኑ ሱሪ ለብሼ ነበር። በሩን ከፍታ አቅፋ ሳመችኝ፤ ወዲያው አፍንጫዋን ይዛ ወደ ኋላ አለች።

«በስመ አብ! ምንድን ነው የሸተትከው?»

«ትናንት ነው ያጠብኩት» አልኳት።