ፍግ ሌላ፣ ብስባሽ ሌላ

ባለፈው ዓመት የጎመን ችግኞቼን በገዛ እጄ አቃጠልኳቸው። ደብረ ብርሃን ከቤታችን ጓሮ ሁለት መደብ አዘጋጅቼ፣ ዶሮ ከሚያረባ ጎረቤታችን ትኩስ ኩስ በባልዲ አምጥቼ በየሥራቸው ከመርኩት። በሳምንቱ የቅጠሎቹ ጠርዝ ቡናማ ሆነ፤ ከዚያም አንድ በአንድ ደረቁ። እናቴ አየችና፣ «ልጄ፣ ይህ እኮ ገና አልበሰለም» አለችኝ።

እኔ ሁሉንም ኮምፖስት ነበር የምለው። ኩስና እበት ከእንስሳው እንደ ወጡ ናቸው። ፍግ በረት ውስጥ ከገለባና ከሽንት ጋር ተደባልቆ የከረመው ነው። ብስባሽ ግን ሰው አስቦበት ደረቁንና እርጥቡን እያፈራረቀ ደርድሮ፣ ውሃ እያጠጣና እያገላበጠ ያበሰለው ነው። ትኩሱ ኩስ ናይትሮጅኑ ስለሚበዛ ሥር ይለበልባል። በደንብ የተሠራ ክምር ደግሞ መሀሉ ከ55 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ አብዛኛውን የአረም ዘር ይገድላል።

በእኛ አካባቢ እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ለመሬቱ የሚተርፈው አመድ ብቻ ነው። ማገዶ የሌለውን ሰው በዚህ መውቀስ አይቻልም። ለዚህም ነው ከጭድ፣ ከአረምና ከወጥ ቤት ትራፊ የሚሠራ ብስባሽ ትልቅ ነገር ነው የምለው። የአካባቢ ጥበቃ ሳይንቲስቱ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ ከገበሬዎች ጋር የጀመሩት ሥራ፣ ብስባሽ የገባበት ማሳ የኬሚካል ማዳበሪያ ከተደረገበት የማያንስ ምርት እንደሚሰጥ አሳይቷል።

ሌላው የሚያሳስበኝ ቃል «ኦርጋኒክ» ነው። ገበያ ላይ ማዳበሪያ ያልነካው ሁሉ በዚህ ስም ይሸጣል። ሆኖም አገራችን በ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 488ን ያወጣችው ኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት እንዲኖረው ነው፤ አመራረቱ ተመዝግቦ፣ በሌላ ወገን ተመርምሮ ይረጋገጣል። ገዢው ማሳውን አያየውም፤ ያለው እምነቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የእኔን ጎመን ለሚጠይቀኝ ሰው «ኬሚካል አላደረግኩበትም» እላለሁ እንጂ ኦርጋኒክ ነው አልልም።

አሁን የራሴን ብስባሽ ከምሬ፣ ከክምሩ መሀል ረጅም ዱላ ሰክቻለሁ። በየጥቂት ቀኑ እመዘውና በመዳፌ እጨብጠዋለሁ። ሞቃትና እርጥብ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው፤ ቀዝቅዞ ከሸተተ አየር አጥሮታል፣ ይገላበጣል። ትናንት ስመዘው ሞቃት ቢሆንም ጫፉ ደረቅ ነበር። ሁለት ባልዲ ውሃ አፈሰስኩበትና በገለባ ሸፈንኩት።