የጋሼ ቀኖና

ደብረ ብርሃን ወጥ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ በጥር ጠዋት ዘይት አይቀዳም። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። የፓልም ዘይት ከሆነ ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ እንደ ሻማ ረግቶ ያድራል። ሌሊት 11 ሰዓት የገባችው ልጅ መጀመሪያ የምትሠራው ጀሪካኑን ምድጃ ዳር አስጠግታ ማሟሟት ነው። ከዘይቱ ግማሽ ያህሉ የሚረጋው ዓይነት ቅባት ነው፤ ሐኪሞች ቀንሱ የሚሉትም እሱኑ ነው። ነገሩ ሁሉ የዘይት ስለሆነ ነው ከዚህ መጀመሬ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሰባት ሰዎች ከየወረዳው ለሥልጠና መጡ፤ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ፣ ምሳ እኛ ዘንድ። ከመካከላቸው አንድ ጋሼ አሉ። ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ ጡረታቸው ደርሷል፣ ስኳርም ግፊትም አለባቸው። ማክሰኞ ገና ወንበር ሲስቡ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "እኔን ሐኪም ቅባትና ጨው ከልክሎኛል፤ የእኔን ለየት አድርጉልኝ" አሉ።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ገበታ ላይ "ሐኪም ከለከለኝ" ያለ ሰው ክርክር ከፈተ ማለት ነው። አስተናጋጇ እየሳቀች መጥታ ነገረችን። አንዱ አብሽ በባዶ ሆድ አዘዘላቸው፣ አንዱ ጥቁር አዝሙድ፣ አንዷ ሽፈራው። አስተባባሪያቸው ደግሞ "የእኔ አያት እኮ መንዝ ላይ ቅቤ በዋንጫ እየጠጡ ዘጠና ዓመት ኖረዋል" ብሎ ዘጋው። አያትየው ቅቤውን ጠጥተው ስንት ዳገት ይወጡ እንደነበር የጠየቀ የለም። ከዚያ ሽክላ ጥብሱ መጣና ጉርሻው ተጀመረ። "በሞቴ"፣ "አፈር ስሆን"፣ "ይቺን ብቻ"። ልጅቱ እስከ አሥራ አንድ ቆጥራ ተወችው። የራሳቸው ቅቅል ድንችና ሰላጣ ሳይነካ ተመለሰ።

ጉርሻ ላይ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በራሱ እጅ የሚበላ ሰው ከዳር ጀምሮ ነው ወደ ውስጥ የሚሄደው። አጉራሽ ግን ለክብር ሲል ከመካከል ያነሣል። መካከሉ ደግሞ መረቁና ቅባቱ ወርዶ የጠጣው እንጀራ ነው። ስለዚህ አሥራ አንድ ጉርሻ በራስ እጅ ከሚበሉት አሥራ አንድ ጊዜ ጋር አይተካከልም።

ረቡዕ ሁሉም ጿሚ ስለሆነ በያይነቱ በሁለት ትልልቅ ትሪ ወጣ። ጋሼ ፊታቸው ፈካ፤ "ዛሬስ ዳንኩ" አሏት ለልጅቱ። የጾም ምግብ ሥጋና ቅቤ የለውም እንጂ ቅባት የለውም ያላቸው ማን እንደሆነ አላውቅም። ቁሌቱ እንዲህ ነው የሚሠራው። 10 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ተከትፎ መጀመሪያ ያለ ዘይት በራሱ ውኃ ይታመሳል። ውኃው ሲመጥ 3 ሊትር ዘይት ይገባበታል፤ 2 ኪሎ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ተጨምሮበት ውኃ ጠብ እየተደረገ ሁለት ሰዓት ያህል ይቁላላል። ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ደረሰ ይባላል። ምስሩም፣ ሽሮውም፣ ፍርፍሩም የሚጀምሩት ከዚህ አንድ ድስት በጭልፋ እየተቀዳ ነው። በአንድ ጭልፋ ቁሌት ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ዘይት አለ፤ አንዱ ማንኪያ ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ ነው።

በዚያ ላይ የረቡዑ ምሳ ዘገየ። አስተባባሪው "አንድ ስላይድ ብቻ" እያለ 6 ሰዓት ተኩል የተባለውን ለ8 ሩብ ጉዳይ አደረሰው። ማይክ የያዘ ሰው ለምን እንደማይርበው አንድ ቀን የሚያስረዳኝ አገኝ ይሆናል። ጋሼ ጠዋት የሚውጡት ኪኒና ግሊበንክላማይድ የሚባለው ነው፤ እሱ ደግሞ ምሳ መጣ አልመጣ ብሎ አይጠብቅም፣ ስኳሩን ያወርዳል። ሲገቡ ላብ አጥምቋቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ልጅቱ ሳትጠየቅ ለስላሳ ከፈተችላቸው፤ ደግ አደረገች። በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 32 ግራም ያህል ስኳር አለ፣ ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ለወረደ ስኳር ግማሹ ይበቃል። 15 ደቂቃ ጠብቆ ካልተሻለ መድገም ነው፣ ከተሻለ ግን ወደ ምግብ። ጋሼ ጠርሙሱን ጨረሱት፤ አስተባባሪው ደግሞ "ወርዶባቸዋል፣ ድገሚላቸው" ብሎ ሁለተኛ አስከፈተ። ከዚያ በያይነቱ። ትሪ ደግሞ ልክ የለውም፤ የጎረቤት ጥግ ሲያልቅ ከዚያኛው ይጎተታል፣ ጥቅሉ ሲያልቅ ሌላ ጥቅል ይመጣል፤ ማን ስንት እንጀራ እንደበላ የሚያውቅ የለም።

ሐሙስ ግን ጋሼ መላ ይዘው መጡ። ገበታው ላይ ቁጭ እንዳሉ፣ ቀስ ብለው፣ "እኔን ተዉኝ፤ ቀኖና ላይ ነኝ" አሉ።

ጸጥ አለ። ማክሰኞ ሥጋ ሲጎስሩባቸው የነበሩ እጆች ሁሉ ተሰበሰቡ። አስተባባሪው "ይቅርታ ጋሼ" ብሎ ጥብሱን ከፊታቸው ገፋ አደረገላቸው። አንዷ ብቻ "ቀኖና ሆኖ በስድስት ሰዓት ተኩል?" ስትል ጎረቤቷ በክርኗ ጎሸመቻት። የነፍስ አባታቸው ቢሰሙ የእውነቱን ቀኖና ይሰጧቸው ነበር እንጂ መላውስ ጥሩ ነበር። አንድ ሰው አላጎረሳቸውም።

ጥፋቱ የእኛ ሆነ። ልጅቱ ቦኖው፣ ማለትም የትእዛዝ ወረቀቱ ላይ "ጾም 1" ብላ ጻፈች። በፍስክ ቀን "ጾም 1" ሲመጣ ወጥ ቤት ሌላ አያስብም፤ የጾም ፍርፍር ነው። መጥበሻ ላይ ሁለት ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ጭልፋ ቁሌት፣ ቲማቲም፣ ትንሽ ውኃ፣ የተቆራረጠ እንጀራ፣ ቃሪያ፤ ሲወጣ እንዲያብረቀርቅ ከላይ አንድ ማንኪያ ዘይት። ያቺ የመጨረሻዋ ማንኪያ ካልገባች እንጀራው መረቁን ጠጥቶ ገበታ እስኪደርስ ይሻክርና "ደርቋል" ተብሎ ይመለሳል። ድምሩ አምስት ማንኪያ፣ ከዘይቱ ብቻ 600 ካሎሪ ገደማ። ከሥሩ እንጀራ ይነጠፋል፣ ከጎኑ ጥቅል ይቀመጣል። እንጀራ በእንጀራ። ስኳር ላለበት ሰው ቤቱ ውስጥ ካለው ሁሉ የከፋውን መርጠን ላክንላቸው ማለት ነው፤ ጥብሱ ራሱ ይሻላቸው ነበር።

ሌሎቹ ቡና ሲያዙ ጋሼ ሳሕናቸውን ይዘው ወደ ምግብ ማውጫው መስኮት መጡ። ግማሹን በልተውታል። የሳሕኑ ጠርዝ ላይ ዘይቱ በብርዱ ረግቶ ቀላ ያለ ቀለበት ሠርቷል።

"እታለሜ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ዘይት ነው ጋሼ።"

"ዘይትነቱንማ አየሁት። ጾም አልነበር ያልኩት?"

"ጾም ነው እኮ። ቅቤ የሚባል አልነካውም።"

ሳሕኑን አዩት። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጠርዙን ፋቅ አድርገው ለእኔም አሳዩኝና፣ "እኔ እኮ ጾም ያልኩት ለእነሱ ነው፤ ላንቺማ አልዋሽሽም ነበር" አሉኝ።

መልስ አጣሁ። እኔ ምን ላውቅ፣ የደረሰኝ ቦኖ ነው፣ ቦኖው ላይ ያለው ጾም ነው። ይህን ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ማክሰኞ ሳይነካ የተመለሰውን ድንች ያየሁት እኔ ነኝ፤ የማን እንደሆነም አውቅ ነበር።

እዚያው መስኮቱ ላይ ተነጋገርን። ወጥ የሆነ ነገር ሁሉ ዘይቱን የጠጣው ጠዋት ነውና ምሳ ሰዓት "ዘይት ቀንሱ" ቢሉ የሚቀነስ የለም። ቢበዛ ጨላፊው ከላይ የተንሳፈፈውን ገፍፎ ከሥር ይቀዳላቸዋል፣ ያውም በስሙ ከተጠየቀ። በትእዛዝ የሚሠራው ግን ይቀነሳል፤ ጥብስ፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ ሰላጣ። እሱንም "ቀንሱ" ሳይሆን ቁጥር ይናገሩ አልኳቸው። "ቀንስ" የተባለ ወጥ ሠሪ ከልማዱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሶ የታዘዘውን የፈጸመ ይመስለዋል፤ "አንድ ማንኪያ" ከተባለ ግን አንድ ማንኪያ ነው። ሰላጣው በጠዋት በጅምላ ተለውሶ ስለሚቀመጥ "ሳይለወስ፣ ሎሚው ለብቻ" መባል አለበት። ጨውን በተመለከተ ያጽናናሁበት ነገር የለም። ለቀን የሚመከረው ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሳይሞላ፤ ቁሌቱ ጨው አለው፣ አዋዜው አለው፣ ሚጥሚጣውም አለው። ትእዛዙ ደግሞ ገበታ ላይ ሳይሆን 4 ሰዓት ላይ ለሻይ ሲወጡ ለልጅቱ በጆሮዋ ይነገር አልኩ። ያኔ ምስሩ ወደ ቁሌቱ አልገባም።

ዓርብ ጋሼ እንደ ቃላቸው 4 ሰዓት ላይ ነገሯት። ቅቅሉ ጎመን ዘይት ሳይነካው ተለይቶ ቆየ። ሽንኩርቱ በውኃ ጠብታ ታመሰ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ተጨመረ፣ አንድ ማንኪያ ዘይት፣ ጎመኑ ገብቶ ሦስት ደቂቃ። ከምስሩ አንድ ጎድጓዳ ሳሕን ተቀንሶ በእርድና ዝንጅብል ለብቻው በሰለ። እንጀራው ግማሽ፣ ያውም የገብስ። ለእንግዳ የምናቀርበው ነጩ ጤፍና ሩዝ የተደባለቀ ነው፤ የገብሱ ስለሚረክስ ለሠራተኛ ምሳ ነው የሚጋገረው። ገብስ ውስጥ ያለው የሚሟሟ አሰር ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገየዋል። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ለጋሼ የሚስማማው ምግብ ሜኑ ላይ የሌለው፣ እኛ ከምድጃው ሥር ቆመን የምንበላው ሆኖ ተገኘ። በራሳቸው ሳሕን ወጣላቸው። ጎመንና ምስሩን አስቀድመው እንጀራውን ወደ ኋላ እንዲያደርጉ ልጅቱ በጆሯቸው ነገረቻቸው፤ እንዲህ ሲበላ ከምግብ በኋላ የሚወጣው ስኳር ይቀንሳል።

አስተባባሪው አየውና "እኔም የጋሼን" አለ። ለአንድ ሰው ነበር የሠራነው።

ሥራ አስኪያጃችን "ግማሽ እንጀራ ብሎ ዋጋ የለም" ስላለ ካሸሯ የጾም ፍርፍር ብላ በሙሉ ዋጋ መታችባቸው። ያልበሉትን ዘይትም ከፈሉ ማለት ነው። ጋሼ አልተከራከሩም፤ ከዚያ በኋላም ለሥራ ወደ ከተማው በመጡ ቁጥር፣ ከእነማን ጋርም ይምጡ፣ ወደ እኛው ነው። ቦኖው ላይ "ቀኖና 1" ይጻፋል፣ ወጥ ቤቱም ያውቀዋል። በፍስክ ቀን ሲሆን ጎመን ብቻውን ስለማያቆይ አንድ ቅቅል እንቁላል ከጎመኑ ሥር እንሸሽግላቸዋለን፤ ከላይ ከታየማ ቀኖናው ፈረሰ። ጋሼ ጎመኑን ገለጥ አድርገው ሲያገኙት ወደ መስኮቱ አየት ያደርጋሉ። ለአዲስ ልጅ ሥራ ስናስተምርም "ቀኖና ሲባል ጎመን፣ ምስር፣ ግማሽ ገብስ፣ እንቁላል ከሥር" እያልን ነው።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ሰኞ፣ ዝናቡ ሲወርድ አንዲት እናት ብቻቸውን ገቡ። 9 ሰዓት አልፎ ነበር። ነጠላቸው ርሷል። ምን ይምጣልዎ ሲባሉ "ቀኖና ላይ ነኝ ልጄ፤ ያለሽን የጾም አምጪልኝ" አሉ። ልጅቱ ያሉትን ጻፈች፣ "ቀኖና 1"። ተረኛው ልጅ የተማረውን ሠራ።

ብዙም ሳይቆይ ሳሕኑ ተመለሰ። ጎመኑ ከአንድ ጎን ተገልጧል፣ እንጀራው አልተቆረሰም፣ እንቁላሉ ለብቻው ጠርዝ ላይ ተገፍቷል። ልጅቱ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"እትዬ፣ እኚህ የእውነት ናቸው" አለችኝ።