ማንታ ሬይንና ቀይ ቀበሮን እንዴት አወዳደርኳቸው

ለትምህርት ቤታችን ባዮሎጂ ክለብ ፖስተር ማንታ ሬይን፣ ያንን ጠፍጣፋ ትልቅ የባህር ዓሣ፣ ከኛው ቀይ ቀበሮ ጋር ላወዳድር ነው ስል መምህራኑ ሳቁ፣ አንድ ተማሪ ደግሞ "ቲቸር ቢጣሉ ማን ያሸንፋል?" አለኝ፣ አንዱ ባህር ውስጥ አንዱ ባሌ ተራሮች ሰነቴ አምባ ላይ 4000 ሜትር፣ የት ተገናኝተው ነው የሚጣሉት እሺ!

አጥንት አለው የለውም፣ ፀጉር አለው ምናምን እያሉ መደርደር ማንም አያነበውም ብዬ ለሁለቱም ሦስት ጥያቄ ብቻ ያዝኩ፦ ምን ይበላል፣ ስንት ይወልዳል፣ ምን ይገድለዋል።

ቀበሮው በመንጋ ይኖራል እንጂ አደኑ ላይ ብቻውን ነው። ሰነቴ ላይ እንዳየሁት ፍልፈሏ ጉድጓድ አጠገብ በሆዱ ይለጠፍና ጆሮውን ቀስሮ ይጠብቃል፣ ሳር ልትጎትት ብቅ ስትል ዘሎ ጉብ ነው። ማንታን ያየሁት በቪዲዮ ነው፣ ክንፉ ከ3 ሜትር የሚያልፍ ዓሣ አፉን በሰፊው ከፍቶ ይቀዝፋል፣ ውሃው በስንጥቡ (በመተንፈሻው) ሲወጣ ፕላንክተኑ፣ ማለትም ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉት ጥቃቅን ፍጥረታት፣ ውስጥ ይቀርለታል። የሚናደፍበት እሾህ የለውም ስላቸው ተማሪዎቹ ትንሽ ቅር አላቸው።

ዋናው ነገር የመጣው ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። ቀበሮ መንጋ ውስጥ በአብዛኛው የምትወልደው አለቃዋ ሴት ብቻ ናት፣ በዓመት አንዴ ከ2 እስከ 6 ቡችላ፣ ሌሎቹ እያመጡ ያበላሉ። ማንታ ግን ዓመት ገደማ አርግዛ አንድ ትወልዳለች፣ ከዚያ ለተከታታይ ዓመታት ላትወልድም ትችላለች። ቀበሮውን የሚጨርሰው ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፣ ባሌን በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 እ.ኤ.አ. ክፉኛ መትቶታል፣ አሁንም በጠቅላላው አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም፣ ግን ከወረርሽኝ በኋላ ባሌ ላይ መልሰው ሲበዙ ታይቷል። ማንታውን የሚገድለው መረብ ነው፣ ስንጥቡም ለባህል መድኃኒት ተብሎ እስያ ውስጥ ይሸጣል። እናት በየ3 ዓመቱ አንድ ብትወልድ የተያዙ 10 ማንታዎች በስንት ዓመት ይተካሉ ብዬ ተማሪዎቹን አሰላኋቸው፣ ክርክሩ ከክፍለ ጊዜው አለፈ።

እንዲህ መሥራት ለምትፈልጉ፣ ከእንስሳቱ አንዱ ልጆቹ የሚያውቁት ይሁን፣ ቁጥሩን ሁሉ ደግሞ "በዓመት" አድርጉት፣ አለበለዚያ አይወዳደርም። ሥዕሉንም በአንድ ስኬል ሳሉት፣ ቀበሮው ያለ ጅራቱ 1 ሜትር ቢሆን ነው፣ ስለዚህ ለማንታው ሰፊ ወረቀት ያስፈልጋችኋል።